ብርዝ የጠጣ የአበባ ዱቄት

አባቷ ሲደውሉ ንግግሩ አጭር ነበር።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። እርስዎስ?»

«ይመስገነው። በይ እንግዲህ።»

ከዚያ ስልኩ ይዘጋል። እናቷ ወርቅነሽ በሕይወት ሳለች ስልኩ የእናቷ ነበር። ስለ ዶሮዋ፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ፣ አጥር ጥሶ ስለገባ በሬ እያወራች ካርዱን ትጨርሰዋለች፤ አባቷ አቶ ክንዴ ከበስተኋላ «ሰላም በያት» ሲሉ ብቻ ድምፃቸው ይሰማል። አምሳለ እናቷን አንቺ፣ አባቷን እርስዎ እያለች ነው ያደገችው። እናቷ ከሞተች ወዲህ አባትና ልጅ የሚነጋገሩት ጠፋቸው። ተጣልተው አይደለም። ወሬውን ይዛባቸው ሄዳ ነው።

አምሳለ እንጅባራ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የባዮሎጂ ላብራቶሪ ረዳት ናት፤ ሁለተኛ ዲግሪዋንም እዚያው ትማራለች። የምታጠናው የአበባ ዱቄት ነው፤ ተማሪዎቹ ፖለን የሚሉት፣ ንብ እግሯ ላይ ለጥፋ የምትሄደው ቢጫ ብናኝ። ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ ትውላለች። ከሰው ጋር ከመዋል ከዱቄቱ ጋር መዋል ይቀላታል። በሻይ ሰዓት ባልደረቦቿ ሲሳሳቁ ጥግ ይዛ ፈገግ ትላለች፤ የምትለውን አስባ ስትጨርስ ወሬው ሌላ ቦታ ደርሷል።

የካቲት መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ግን አባቷ «በይ እንግዲህ» ማለቱን ትተው ጥያቄ ጠየቋት።

«ያ የምታዪው ዱቄት» አሉ፣ «ነፍስ አለው ትያለሽ። ምን እየበላ ነው ታዲያ የሚኖር?»

አምሳለ ከተቀመጠችበት አልጋ ተነሥታ ቆመች። ይህን ጥያቄ የጠየቃት ዘመድ አልነበረም።

ዱቄቱ ስንቁን በሆዱ ይዞ ነው ከቤቱ የሚወጣው አለቻቸው። አበባው ጫፍ ላይ ሲያርፍ እርጥበት ይጠጣና ይነቃል። ከዚያ ከፀጉር የቀጠነ ቱቦ አውጥቶ በአበባው አንገት ውስጥ ቁልቁል ይሮጣል፤ ታች ያለው እንቁላል ጋ እስኪደርስ። ከደረሰ ፍሬ ይሆናል፤ ካልደረሰ አበባው ይረግፋል።

«ለዚያ ሩጫ ብዙ ጉልበት ይፈጃል» አለች። «እንደኛ አየር እየተነፈሰ ስንቁን ያቃጥላል። ግን እሱ ብቻ አልበቃ ብሎት ሌላም መንገድ አለው። እንደ ጠላ ድፍድፍ ይብላላል። አልኮል ያወጣል።»

«ኧረ ተይ!»

«እውነቴን ነው።»

«ድፍድፍ እኮ አፉ ተመርጎ፣ አየር አጥቶ ነው እንዲያ የሚሆን።»

«የሚገርመውም እሱ ነው። ይሄኛው አየር እያለም ይብላላል። ሁለቱን ባንድ ላይ ያስኬዳቸዋል። መተንፈሻውን በመድኃኒት ብዘጋበት እንኳ በመብላላቱ ብቻ መንገዱን ይቀጥላል። ቸኩሎ ይመስለኛል። አንዱ ቢከዳው በአንዱ ሊደርስ።»

«እና እየሰከረ ነው የሚሄድ በይኛ!» አሉና ሳቁ።

አባቷ ሲስቁ ስትሰማ ከእናቷ ቀብር ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ጆሮዋ ላይ ይዛው ቆየች። ከዚያ ወዲያ በደወሉ ቁጥር «ያ ሰካራምሽ እንዴት ዋለ?» ይሏታል፤ እሷም የድፍድፉን ነገር ደስ ስላላቸው ደጋግማ ትነግራቸዋለች። ሌላ ሌላውን፣ የማያስቀውን፣ ትተወዋለች።

ወሬው ወደ አፕሉ መሄዱ አልቀረም።

ከአዘና ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ጓሯቸው አንድ የአፕል ዛፍ አለ። እናቷ ከግብርና ሥልጠና ስትመለስ ሁለት ዓይነት ችግኝ ይዛ መጥታ ነበር፤ «ባልና ሚስት ናቸው፣ አትለያዩዋቸው» ተብላ። ጎን ለጎን ተከለቻቸው። በሞተች ሰሞን፣ ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ ማንም ልብ ሳይለው፣ የአቶ ክንዴ ፈረስ ከታሰረበት ተፈትቶ አንዱን ችግኝ እስከ ሥሩ ግጦ ጨረሰው። የተረፈው አደገ። በየዓመቱ ነጭ በነጭ ሆኖ ያብባል፤ ንቡም ይመጣለታል፤ ፍሬ ግን የለም። አፕል የራሱን ዱቄት አይቀበልም፤ ንቦቹ ደግሞ የሚያመላልሱለት የራሱን ነው። ሌላ አፕል በአካባቢው አይገኝም፤ ማሳው ሁሉ ለከሰል የሚሆን ዲከረንስ የሚባለው ግራር ሆኗል።

ወንድሟ ሽባባውም ጓሮውን ለዲከረንስ ይፈልገዋል። አግብቶ እዚያው ግቢ ጎጆ ወጥቷል፤ ሌላ መሬት የለውም። «ዘንድሮም ካላፈራ ክረምቱ ሲገባ እቆርጠዋለሁ» ብሎ ነበር፤ አባቱም እሺ ብለውታል። እሺ ካሉ በኋላ ግን ለአምሳለ በስልክ ሲነግሯት ድምፃቸው ወደ ውስጥ ገባ። «የእናትሽ ዛፍ ነበር» አሉ። ነበር አሉ፣ ገና ሳይቆረጥ።

አምሳለ እንጅባራ ካለ አንድ የችግኝ ጣቢያ ሌላ ዓይነት አፕል ቀድሞ ማበቡን አየች። አስፈቅዳ ሊፈኩ የደረሱ እምቡጦች ለቀመች፤ ውስጣቸውን በመቆንጠጫ አውጥታ ወረቀት ላይ አደረቀች፤ ዱቄቱን አንዲት ጣት የምታህል ጠርሙስ ውስጥ አጠራቀመች። የአዘናው ዛፍ ገና እምቡጥ ነው። ዱቄቱን ላብራቶሪው ማቀዝቀዣ ውስጥ ልታቆየው ትችል ነበር፤ ግን መንገዱ አንዳንዴ ይዘጋል፤ ኔትወርኩም ይጠፋል። አበባው መንገድ በተዘጋ ሰሞን ቢፈካ ሁሉም ነገር ከንቱ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ጠብቃ ጠርሙሷን ለአባቷ ወሰደችላቸው።

«በደረቅ ቦታ ያስቀምጡት» አለቻቸው። «ሲፈካ ይደውሉልኝ። መምጣት ካቃተኝ በዶሮ ላባ እየነኩ አበባው መሃል ላይ ያድርጉት።»

አቶ ክንዴ ጠርሙሷን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ወደ ብርሃን ከፍ አደረጓት።

«ሰካራሙ ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው።»

«ተኝቷላ።»

«ተኝቷል። ግን በቀስታ ይተነፍሳል።»

ይህን ያለችው ደስ እንዲላቸው ነው። ደስም አላቸው።

በሳምንቱ መንገዱ ተዘጋ። ኔትወርኩም አብሮ ጠፋ። አምሳለ ላብራቶሪ ገብታ ትወጣለች፤ ከተከራየቻት ክፍል ደጃፍ ቆማ ወደ አዘና በኩል ያለውን ሰማይ ታያለች፤ ደመና ካየች ዝናብ አበባውን እንዳያራግፈው ትፈራለች፤ ፀሐይ ካየች ፈክቶ እንዳያልፍ ትፈራለች። የሚያናግራት አልነበረም። ፍርሃቷን ብትነግራቸው ለዛፍ ነው እንዴ ብለው የሚስቁ ይመስላታል።

መንገዱ በተከፈተበት ቅዳሜ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈረች። ሾፌሩ ውቤ የሰፈራቸው ልጅ ነው፤ እናቷን ያውቃት ነበርና ከጎኑ አስቀመጣት። ከአዘና በእግሯ ሄዳ ግቢው ስትደርስ ዛፉን ከማየቷ በፊት የንቦቹን ድምፅ ሰማች። ሙሉ በሙሉ ፈክቷል።

ሽባባው አጥር ላይ ተደግፎ ይጠብቃት ነበር።

«እመት ዶክተር! ለሠርጉ ደረስሽ?»

«ደረስሁ።»

«በየዓመቱ ሠርግ ነው እኮ እዚህ ቤት። ሙሽራው ብቻ ነው የሚቀር።»

«ዘንድሮ መጥቷል።»

«መጥቶስ መጥቷል። አባባ እያጠጡ ጣሉት እንጂ» አለና ሳቀ።

አምሳለ ነገሩ አልገባትም። ወደ ቤት ፈጥና ገባች።

አባቷ ከምድጃው አጠገብ ቁጭ ብለዋል። ፊታቸው ላይ ድግስ ያሳመረ ሰው ኩራት አለ። እናቷ ለእንግዳ ብቻ የምታወጣት ብርሌ ከፊታቸው ቆማለች፤ አፏ በጭቃ ተመርጓል።

«ቀድሞ ይንቃ ብዬ ነው» አሉ ብድግ ብለው፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ። «ተኝቶ መንገድ ከሚጀምር ነቅቶ ይጀምር። ማር በውኃ በጥብጬ ብርዝ አደረግሁና ዱቄቱን እላዩ ላይ ነሰነስሁት። አፏን መረግሁ። እሳቱ ዳር አቆየኋት። ሦስት ቀኑ ነው፤ እንደ ጥንስስ።» ጭቃውን በጥፍራቸው ፈልፍለው አነሡና ብርሌዋን ወደ እሷ ዘረጉላት። «አሽትቺማ!»

አሸተተች። ኮምጠጥ ያለ፣ ከሥሩ ደግሞ የአልኮል ሽታ ያለው፣ እውነተኛ ድፍድፍ ድፍድፍ የሚል ነገር ነበር።

«አላልሁሽም?» አሉ አባቷ።

አምሳለ ብርሌዋን ይዛ ቆመች። አንዴ የነቃ ዱቄት ተመልሶ አይተኛም። ይህን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። በዚያ ብርዝ ውስጥ ሊነቃ የሚችለው ሁሉ ነቅቷል፤ ቱቦውን አውጥቶ ሮጧል፤ ስንቁን ጨርሶ ቆሟል። ሽታው ራሱ የዱቄቱ ላይሆን ይችላል፤ ማሩ ውስጥ ያለው እርሾ ነው ያፈላው። ሁሉንም በቅደም ተከተል አሰበችው፣ ላብራቶሪ ውስጥ እንደምታስበው።

መዋሸት ቀላል ነበር። ላባውን ብርዙ ውስጥ ነክራ አበባውን ብታስነካው አባቷ ደስ ብሏቸው ይውላሉ። ክረምቱ ሲገባ ዛፉ ይቆረጣል፤ ጥፋቱም የዛፉ ይሆናል። ማንም አያውቅም። እሷ ግን ከእንግዲህ በደወሉ ቁጥር ያንን ይዛ ነው የምታወራቸው። ያገኙትን አንድ ወሬ ደግሞ በውሸት ልትዘጋው ነው።

«አባባ» አለች።

«ወይ።»

«ሞቷል።»

አቶ ክንዴ መጀመሪያ ብርሌዋን፣ ቀጥሎ እሷን አዩ። «ሽታው እኮ…»

«ሽታው የማሩ ነው። ዱቄቱ ነቅቶ ሮጦ ጨርሷል። ነቅቶ መሮጥ ያለበት አበባው ውስጥ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። ድፍድፍ ድፍድፍ እያልሁ የሚያስቀውን ብቻ ነገርሁዎት። ለምን ደረቅ መሆን እንዳለበት አልነገርሁዎትም።»

አባቷ መደቡ ላይ ተቀመጡ። እጃቸው ላይ የደረቀውን ጭቃ ይፈትጉ ጀመር። ከደጅ ንቦቹ ይሰማሉ።

«ፈረሱንም» አሉ፣ «ያሰርሁት እኔ ነበርሁ። አላጠበቅሁትም።»

ይህን ነገር ተናግረውት አያውቁም። አምሳለ አጠገባቸው ሄዳ ተቀመጠች። ትከሻቸው ትከሻዋን ነካው። አልሸሹም፤ እሷም አልሸሸችም። ግን ሁለቱም ወደ ምድጃው ነበር የሚያዩት።

ከዚያ አባቷ ተነሡ።

«ሁሉንም አልነካሁትም ደግሞ» አሉ።

«ምን አሉኝ?»

«ምን ዓይነቱ ገበሬ ነው ዘሩን ሁሉ የሚዘራ? ዝናቡ ቢከዳስ?»

ከግድግዳው የተንጠለጠለውን የዘር ቅል አወረዱ። እጃቸውን የደረቀው ገብስ ውስጥ እስከ አንጓቸው አስገብተው ፈለጉና ጠርሙሷን አወጡ። ግርጌዋ ላይ ቢጫው ዱቄት በጥፍር ልክ ተርፏል።

አምሳለ ጠርሙሷን ዘንበል አደረገቻት። ዱቄቱ እንደ ጥሩ ዱቄት ፈሰሰ፤ አልተጣበቀም። ደረቁ ገብስ እርጥበቱን ጠብቆለታል። ይኑር ይሙት ግን በዓይን አይታወቅም። ማይክሮስኮፑ እንጅባራ ነው፤ አበባው ደግሞ የፈካው ዛሬ ነው።

«እንሞክር» አለች።

አባቷ ቅርንጫፉን ዝቅ አድርገው ያዙላት። እሷ በላባው ጫፍ እየነካች በየአበባው መሃል አኖረችው። አቶ ክንዴ ቅርንጫፉን ይዘው በአውኝኛ ቀስ ብለው ይናገሩ ነበር። ከእናቷ ጋር የሚያወሩት በአውኝኛ ነበር፤ ከልጆቻቸው ጋር ግን ልጆቹ ትምህርት ቤት ከገቡ ወዲህ አማርኛ ሆኗል። ለዛፉ የሚነግሩት የፈረሱን ነገር ነበር። አምሳለ እየሰማች እንዳልሰማች ሆነች።

ዱቄቱ ለአንድ ቅርንጫፍ ብቻ በቃ። ከቀሚሷ ጠርዝ ክር መዝዛ አሰረችበት።

«ያን ሁሉ አበባ ትታችሁ አንድ ቅርንጫፍ?» አለ ሽባባው፣ መጥቶ ከኋላቸው ቆሞ።

«አንድ ፍሬ ከያዘስ?» አለችው።

ሽባባው አባቱን አየ። አባቱ ክሯን ነበር የሚያዩት።

«አንድ ፍሬ ከያዘ አልቆርጠውም» አለ። «ግን ፍሬ ነው ያልሁ። አበባ አሳይተሽ እንዳትሸውጂኝ።»

«በቃልህ ወንድ ነህ?»

«እንግዲህ ሚስቴን ጠይቂያት» አለ። አባቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሽባባው አንገቱን ደፍቶ እየሳቀ ሄደ።

አምሳለ ከብርሌዋ ጥቂት ጠብታ ጠርሙሷ ውስጥ ይዛ ተመለሰች። ሰኞ ጠዋት፣ ሌሎቹ ሳይመጡ፣ ጠብታዋን መስታወት ላይ አድርጋ አየችው።

አንዳንዱ ዱቄት ፈንድቷል። ብዙው ግን አድጎ ነበር። ቱቦዎቹ ረጃጅም ናቸው፤ ከዚህ በፊት በራሷ እጅ አሳድጋቸው ከምታውቃቸው አይተናነሱም። አባቷ ሳያውቁት ጥሩ መኖ ነው የሰጧቸው። በጨለማ ውስጥ፣ በጭቃ በተመረገ ብርሌ፣ አየር እያጠራቸው ሲሄድ በመብላላት እየገፉ፣ ያላቸውን ሁሉ አውጥተው ሮጠዋል። ግን የአበባ አንገት አልነበረም። ታች የሚጠብቃቸውም የለም። አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ዞሮ ወደ መጣበት፤ ሁሉም ጫፋቸው ባዶ ሆኖ ቀርቷል። አምሳለ ዓይኗን ሳትነቅል ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ለጥናቷ የሚጠቅም ነገር አልነበረበትም። ግን መስታወቱን አጥባ ለመመለስ እጇ እምቢ አላት።

ኔትወርኩ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። መጋቢት አለቀ። አምሳለ ማታ ማታ ክፍሏ ስትገባ የአባቷን ቁጥር ትጫናለች፤ ያችው የተለመደች ሴት አሁን ማግኘት አይቻልም ትላታለች። የምትነግራቸውን ግን ታጠራቅማለች። በሻይ ሰዓት አንዴ ለባልደረቦቿ ስለ ብርሌዋ ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። ከየት እንደምትጀምር ስታስብ ሻዩ አለቀ።

ሚያዝያ ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የግቢው ዘበኛ ሰው ይፈልግሻል ብሎ አስጠራት። ውቤ ነበር። ሚኒባሱን ከመንገዱ ዳር አቁሞ ሞተሩን እንኳ አላጠፋም፤ ተሳፋሪዎቹ በመስኮት ያዩታል።

«አባትሽ ልከውልሽ ነው» አለና የክብሪት ቀፎ ሰጣት።

ከፈተችው። የደረቀ ገብስ ሞልቶበታል። በጣቷ ገለጥ ስታደርገው፣ ገብሱ መሃል፣ የባቄላ ፍሬ የምታህል አረንጓዴ ነገር ተኝታለች። ጫፏ ላይ የደረቀ የአበባ ቅሪት አለ።

«ቀጠፏት!» አለች አምሳለ። የምትጮህ መሰላት፤ የወጣው ግን ሹክሹክታ ነበር። «ውቤ፣ ያለችው አንዷ ሆና… ቀጠፏት?»

«ኧረ ሌላም አለ! ክር የታሰረበት ላይ ነው፤ እኔም አይቻለሁ። ‹ካላየች አታምንም፣ ዓይኗ ሳያይ የማታምን ልጅ ናት› ብለው ነው የላኩልሽ። ሽባባው እንኳ ፍየል እንዳይደርስበት እሾህ እያጠረለት ነው፣ እያጉረመረመ።» ወደ መኪናው ተመለሰና በሩን ያዘ። «ምን ልበልልሽ?»

አምሳለ ፍሬዋን በጣቶቿ ያዘች። ፍሬ መምሰልና ፍሬ መሆን ይለያያል፤ እንዲሁ አብጦ የሚረግፍም አለ። መቁረጫዋ ላብራቶሪ ነው ያለው። ውቤ ደግሞ ይቸኩላል። ጥርሷ መሃል አድርጋ ለሁለት ከፈለቻት። ጎምዛዛው አፏን ጨምድዶ እንባ አመጣባት። በእንባው ውስጥ ግማሿን ወደ ብርሃን አዙራ አየች። መሃል ላይ፣ በትንንሾቹ ክፍሎች ውስጥ፣ ጤፍ የሚያካክሉ ነጫጭ ዘሮች ተቀምጠዋል። አንዱ ክፍል ባዶ ነው። ሌሎቹ ግን ባዶ አይደሉም።

የምትለው ብዙ ነበር፤ ብርሌ ውስጥ ስላየቻቸው፣ በባዶ ስለ ሮጡት፣ ስለ ፈረሱ፣ ስለ ደረቁ ገብስ። ከየት እንደምትጀምር ስታስብ ሚኒባሱ ተንቀሳቀሰ።

ሮጠች። በአስፋልቱ ዳር፣ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች፣ ተማሪዎቹ እያዩዋት።

«ውቤ!» ብላ ጮኸች። «ሰካራሙ ደርሷል በልልኝ! ደርሷል በላቸው!»

ውቤ እጁን በመስኮት አውጥቶ አወዛወዘ። በዚያ የሚያልፍ ባጃጅ ውስጥ ያሉ ሰዎች ዞረው አዩዋት፤ አንዱ ምን ሰካራም እያለ ሳቀ። አምሳለ ሚኒባሱ በአዘና በኩል ታጥፎ እስኪሰወር እዚያው ቆመች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ሞከረች። ያችው ሴት አሁን ማግኘት አይቻልም አለቻት።

ፍሬዋን ገብሱ ውስጥ መልሳ ቀበረች፤ የክብሪት ቀፎውን ጋዋኗ ኪስ ውስጥ አድርጋ ወደ ላብራቶሪው ተመለሰች። ጎምዛዛው እስከ ምሽት ከአፏ አልጠፋም። ሻይ ቢያቀርቡላትም አልጠጣችም፤ እንዳያጥበው።